ባርኔጣ ያደረገው ጥያቄ ምልክት

በኅዳር ወር መጨረሻ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አማቴ መሪ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ በገዛ እግራቸው ወረዱ። ከኋላቸው የሕንፃው ኮሚቴ ሁለት አባላት ባዶ የፕላስቲክ ወንበር ይዘው ተከተሏቸው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ስለሆነ እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ለምን ወረዱ በሚለው ላይ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ በኩል ንጹሕ ሰው አይደለሁም።

ጋዜጠኛ ነኝ። ጠጉሬ የሸበተው በዚሁ ሥራ ነው። ሥራው ካስተማረኝ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት አንድ ሕግ ነው፤ እርስ በርስ ያልተመካከሩ ሁለት ምንጮች ያልነገሩኝን ነገር እውነት ነው አልልም። ይህ ሕግ መሥሪያ ቤት ያስከብረኛል፣ ቤት ውስጥ ያስቀልድብኛል። ባለቤቴ ሰናይት ለእንግዳ ስታስተዋውቀኝ «የእኔ ባል ዝናብ ጣለ ለማለት ሁለት የበሰበሰ ሰው ይፈልጋል» ትላለች። አጋናለች ልል አልችልም። አንድ ክረምት ጣሪያችን አፍስሶ ጠብታው አናቴ ላይ ሲያርፍ ቀና ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ፤ «አፈሰሰ» ብላ የተናገረችው ግን እሷ ናት። እሷ እስክትናገር እኔ ባልዲ አላነሳሁም።

አማቴ እማማ አስካለ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ደረጃው አዳልጧቸው ወደቁ። ጉልበታቸው ታከመና ዳነ። ሐኪሙም «አሁን የሚያስፈልግዎት መራመድ ብቻ ነው» ብሎ አሰናበታቸው። እሳቸው ግን «ጉልበቴስ ዳነ፤ ደረጃው ግን ያው ነው» አሉና ቤት ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ አልወረዱም። ዳቦ ሲያምራቸው ዘንቢል በገመድ አስረው በበረንዳው ይለቃሉ፤ ምድር ላይ ያለችው ባለ ዳቦ ቤት ትሞላላቸዋለች፤ ከዳቦው ጋር የሰፈሩም ወሬ አብሮ ይሳባል። «እስቲ ዛሬ እንኳን ትንሽ ወረድ ይበሉ» ስንላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ታች ምን አለ?»

ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ያገኘ ሰው በቤታችን አልነበረም። ሰናይት ማታ ማታ «እናቴ እንዲህ ተቀምጣ ከከረመች እግሯ መሄድ ይረሳል» እያለች ትብሰለሰላለች። ነገሩ እንዲህ እንደቆመ ነው ፖስተሩ የመጣው።

ያመጣችው ልጄ ሶስና ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከሂሳብ በቀር የማታውቀው ነገር የለም። እራት ላይ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«አባ፣ ማነው ይሄ?»

እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ሊካሄድ የታሰበ የሙዚቃ ፌስቲቫል ማስታወቂያ ነው። የዘፋኞቹ ፎቶ ዙሪያውን ተደርድሯል። መሀል ላይ፣ ትልቁ ቦታ ላይ፣ የሰው ጥቁር ጥላ ተስሏል። ጥላው ባርኔጣ አድርጓል። ፊቱ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ጥያቄ ምልክት አለ። ከሥሩ «የመጨረሻው እንግዳ» ይላል።

«አላውቅም» አልኩ።

«ጋዜጠኛ አይደለህ እንዴ?»

«ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ነው አላውቅም የምለው።»

«እኔ ግን አውቃለሁ። ሰባተኛ ፎቅ ናቸው። ሃንድረድ ፐርሰንት።»

ሰባተኛ ፎቅ የአራት ወጣቶች ባንድ ነው። ሶስናና ጓደኞቿ ዘፈኖቻቸውን ከትምህርታቸው በተሻለ ያጠናሉ። እኔ የማውቀው በግድግዳው በኩል ስለሚመጣ ነው።

እማማ አስካለ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ነቀሉ። «እስቲ ባርኔጣውን አሳዪኝ» አሉ። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይሄማ አሰግድ ነው» አሉ። «የሾላ ጥላው አሰግድ። ባርኔጣን እንዲህ ወደ ግራ ዘመም የሚያደርግ ሌላ ማን አለ?»

ሾላ ጥላ ባንድን ዛሬ የሚያስታውሰው ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። በዘመናቸው ግን ያለ እነሱ ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር። አማቴም የተዳሩት በእነሱ ሙዚቃ ነው። ሟች ባለቤታቸው «ከጭፈራው ይልቅ ዘፋኙን ስታይ ነበር» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ይቀኑ እንደነበር በቤተሰቡ ውስጥ ይነገራል፤ ይህን ከአንድ ምንጭ በላይ ሰምቼዋለሁ።

«እማማ፣ እነዚህ ሰዎች በሕይወት አሉ?» አለች ሶስና።

«እኔ አለሁ አይደል?»

«ማለቴ... ሰባተኛ ፎቅ ነው እኮ የሚሆነው።»

«እኔ ከአራተኛው መውረድ አቅቶኛል፣ አንቺ ሰባተኛ ታመጪብኛለሽ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እንደ ልማዴ «እስካሁን ባለው መረጃ ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አልኩ።

«ሊሆን ይችላል አለ» አሉ አማቴ፣ ወደ ቴሌቪዥናቸው ተመልሰው። ሌላውን ግማሽ ያነሳው ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ኦቦ ጉተማ ያዙኝ። ኦቦ ጉተማ ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ድሮ ጤፍ ያርሱበት በነበረው መሬት ላይ ነው። «በዚህ መሬት ላይ ብዙ ዘርቻለሁ፤ እንደዚህ ሕንፃ የበቀለልኝ ግን የለም» ማለት ይወዳሉ።

«ሰማን እኮ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምን ሰማችሁ?»

«አሰግድ ሊመጣ ነው። እማማ አስካለ ለዳቦ ቤቷ በበረንዳ ነገሯት።»

«አልተረጋገጠም።»

«ገባኝ» አሉና ጠቀሱኝ።

«ምኑ ነው የገባዎት?»

«አልተረጋገጠም ማለት አለብህ። ሥራህ ነው።»

«ኦቦ ጉተማ፣ እውነቴን ነው፣ ምንም የማውቀው ነገር የለም።»

«በቃ በቃ። እኔም የኮሚቴ ሰው ነኝ፣ ምስጢር እይዛለሁ።» ምስጢሩን ይዘው ወደ ፀጉር ቤቱ ሲያመሩ አየኋቸው።

እኛ ሰፈር አንድ እምነት አለ። ጋዜጠኛ የሚናገረው የተፈቀደለትን ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ ዝም ያለውን ነው። ስለዚህ «አላውቅም» ባልኩ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ እየጸና ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንስቶ «በዓይንህ ብቻ ንገረኝ» አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «እግዜር ይስጥህ» አለ። በታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት የማላውቃቸው ሴት ትከሻዬን ቸብ አድርገው «አይዞህ፣ ከእኔ አይወጣም» አሉኝ። አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ዘማሪ ጎረቤታችን ሳይቀር አስቁሞኝ «እኔ ዓለማዊ ዘፈን አልሰማም» አለና ትንሽ ቆይቶ «ስንት ሰዓት ላይ ነው ግን?» ሲል ጠየቀኝ።

በዚሁ ሳምንት አዘጋጆቹ ሰባተኛ ፎቅን ይፋ አደረጉ፤ ከመጨረሻው እንግዳ በፊት ይጫወታሉ ተባለ። ሶስና ተስፋዋ ተሟጠጠ። ወሬው ግን አንድ ተፎካካሪ ስለቀነሰለት ወፈረ።

ያን ዕለት ማታ ከሥራ ስመለስ አማቴን ከቤታችን በር ውጭ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወርደውን ደረጃ እንደ ጠላት ያዩታል።

«ምን እየሠሩ ነው እማማ?»

«እየተለማመድኩ ነው። አሰግድ እዚህ ድረስ መጥቶ እኔ በረንዳ ላይ ልቀመጥ?»

ሰናይት እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ጎተተችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ፊቷ ግን ይስቃል። «ስማ» አለች በሹክሹክታ፣ «ያንን አልተረጋገጠም የምትለውን ነገር እዚህ ቤት ውስጥ እንዳትናገረው።»

«ግን እኮ አልተረጋገጠም።»

«እንግዲያው አረጋግጥ።»

ልክ ናት። አማቴ ያን ሁሉ ደረጃ ወርደው፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው አሰግድን ባያገኙት «ታች ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ለዘለዓለም «ውሸት አለ» ይሆናል። ሁለተኛ እንደማይወርዱ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሕጌን ይዤ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ካራ ሰፈር ነው። የሾላ ጥላ ባንድ ድራም ተጫዋች የነበሩት ጋሽ ቶላ እዚያ ጎሚስታ ናቸው። ጎማ ከቸርኬ ሲያላቅቁ መዶሻቸው እስከ ዛሬ ምት አይስትም፤ ጎማ ሊያስጠግን የቆመ ደንበኛ ሳያስበው እግሩን ይነቀንቃል።

«ጋሽ ቶላ፣ ሾላ ጥላ እንጦጦ ላይ ሊጫወት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «አንተም ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«አሰግድ እሺ ብሏል አሉ። እሱ እሺ ካለ እኔ እምቢ ልል ነው? ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ከተሰቀሉት የጎማ ካላማዳሪዎች ኋላ እጃቸውን ሰደው የድራም ዱላዎቻቸውን አወጡ። ዘይት ተቀብተዋል። አንዱን ቸርኬ ሁለቴ መቱት። ማዶ ያለው ባለ ሱቅ ብቅ ብሎ አየ።

ስልካቸውን ከእሳቸው ተቀብዬ ኮተቤ ወደሚኖሩት ዘፋኙ ጋሽ አሰግድ ደወልኩ። ድምፃቸው እንደ ካሴቱ አይደለም፤ ግን ከዚያው ካሴት የወጣ መሆኑ ያስታውቃል።

«እውነት ነው ልጄ» አሉኝ። «ቶላ ተስማማ አሉ። ቶላ ጎማውን ጥሎ ሲመጣ እኔ ቤቴ ልቀመጥ? ነውር ነው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሁለት ምንጮች፤ ሁለቱም ባለጉዳዮች፤ ከተገናኙ ዓመታት ያለፋቸው፤ ሁለቱም ያለማቅማማት አንድ ነገር አሉ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የጠራ ማረጋገጫ የገጠመኝ ከስንት አንዴ ነው። ለጋዜጣው አልጻፍኩትም፤ የሙዚቃው ገጽ የሌላ ባልደረባ ነው፣ በሰው ገጽ አልገባም። ለአማቴ ግን እራት ላይ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነገርኩ።

«ተረጋግጧል።»

ሶስና ጉርሻዋን መለሰችው። ሰናይት «ሁለት ምንጭ?» አለች። «ሁለት ምንጭ» አልኩ።

«እኔ ከባርኔጣው አውቄው ነበር» አሉ አማቴ። «አንተ ደግሞ ካራ ድረስ ሄድክ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያቆመው አልነበረም። አማቴ ልምምዳቸውን ወደ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛ አሳደጉት። ኦቦ ጉተማ ለሕንፃው ሽማግሌዎች ሚኒባስ ተከራዩ፤ ጉልበት ለከዳው ሰው መሸከሚያ የሚሆን የፕላስቲክ ወንበርም በኮሚቴ ውሳኔ አስመደቡ። ሚኒባሱ ላይ መጀመሪያ ቦታ የያዘው ዘማሪው ጎረቤታችን ነው፤ «ለአየሩ ብቻ ነው» ብሏል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የትኛው በር ለሽማግሌዎች እንደሚቀርብ ለማየት ወደ ፓርኩ ወጣሁ። መድረኩ እየተገጣጠመ ነው። ማህሌት የምትባል ወጣት አስተባባሪ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ ከወዲህ ወዲያ ትላለች።

«ለሥራ አይደለም የምጠይቅሽ፣ ለቤተሰብ ነው» አልኳት። «ጋሽ አሰግድ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወጡት?»

«የትኛው አሰግድ?»

«የመጨረሻው እንግዳ።»

ማዳመጫውን አወለቀች። «እርስዎ ነዎት እንዴ መሪ የሚኖሩት ጋዜጠኛ?»

«ነኝ።»

«ተመስገን። እርስዎን ነው እኮ የምንፈልገው። ሰው ሁሉ ሾላ ጥላ ነው ይለናል። ማን አረጋገጠ ስንል መሪ የሚኖር ጋዜጠኛ ይሉናል። እስቲ ይንገሩን፣ እውነት ሊመጡ ነው?»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የጋበዝሻቸው?»

«እኛ ማንንም አልጋበዝንም። ሊመጣ የነበረው ሰው ቀረብን፤ እስክናገኝ ብለን ጥያቄ ምልክት አደረግን። እስከ ዛሬ አላገኘንም።»

«ባርኔጣውስ?»

«ሰዓሊው ፀጉር መሳል አይሆንለትም።»

ዞር አልኩና ለጋሽ ቶላ ደወልኩ። የሾላ ጥላን ነገር መጀመሪያ ከማን እንደሰሙ ጠየቅኳቸው። ጎማ ሊያስነፋ ከመጣ የታክሲ ሾፌር ነው አሉ። ሾፌሩስ? ከመሪ ፀጉር ቤት። ፀጉር ቤቱስ? «አንድ ጋዜጠኛ አለ አሉ» አሉኝ ጋሽ ቶላ፣ «አፉን አያላቅቅም እንጂ ሁሉን ያውቃል።» አመስግኜ ዘጋሁ።

ጋሽ አሰግድ እሺ ያሉት ጋሽ ቶላ ይመጣሉ ስለተባለ ነው። ጋሽ ቶላ እሺ ያሉት ጋሽ አሰግድ ይመጣሉ ስለተባለ ነው። ሁለቱም ይመጣሉ የተባለው እኔ ዓይኔን ስለጨፈንኩ ነው። ሁለት ምንጭ ፍለጋ ካራና ኮተቤ የዞርኩት ሰውዬ ለካ ሁለቱም ምንጭ ራሴ ነበርኩ።

«ስልካቸውን ይስጡኝ» አለች ማህሌት።

በዚህ ሁሉ ዓመት የሆነ ነገር ዘግቤያለሁ እንጂ አንድ ነገር እንዲሆን እጄን አስገብቼ አላውቅም። የሰው ስልክ አሳልፌ አልሰጥም፤ ዝግጅት አላዘጋጅም፤ ዘፋኝ አላስማማም። ይህ ሁሉ ለአፍታ በአእምሮዬ አለፈ። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ይዘው የቆሙ አንዲት ሴት ታዩኝ። የጋሽ ቶላን ቁጥር ሰጠኋት። ልትደውል ስትል ኔትወርኩ ጠፋ። ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ወደ ባሕር ዛፎቹ ስትወጣ ትቻት ተመለስኩ። ከዚያ ስደውልላት አታነሳም።

ቤት ስደርስ አማቴ አንደኛ ፎቅ ደርሰዋል። እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው።»

«ደግ ነው ክፉ?»

«አልተረጋገጠም።»

«እንግዲያው ታች ከደረስኩ በኋላ ንገረኝ» አሉ እግራቸውን እያዩ። «ደረጃ ላይ ላለ ሰው ወሬ አይነገርም።»

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፣ ሲጀመር እንዳልኩት፣ ወረዱ። ባለ ዳቦ ቤቷ እልል አለች። ሰናይት ፊቴን አይታ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «እየተከታተልኩት ነው» አልኳት።

ሚኒባሱ የእንጦጦን ዳገት የወጣው በጸሎት ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ባቃሰተ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ለማገዝ ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ረዳቱ «እናቶች፣ ተመቻችታችሁ ተቀመጡ፤ መኪናው በናንተ ሐሳብ አይሄድም» ይላል። ኦቦ ጉተማ ደግሞ «እኔ በአህያ ስወጣው ይሻል ነበር፤ አህያዋ ቢያንስ ስትደክም ትናገራለች» አሉ።

በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ጠበቀን። ሁሉም የሶስና እኩያ ነው። ከውስጥ የሰባተኛ ፎቅ ሙዚቃ ይሰማል፤ ሶስና «እያለፈኝ ነው» እያለች ትቁነጠነጣለች። አማቴ ባሉበት ቆመው ጆሯቸውን አቀኑ።

«ይሄ ዜማ የማነው?»

«የሰባተኛ ፎቅ ነው እማማ። አዲሱ ነው።»

«አዲሱ? እኔ የተዳርኩበት ነው።»

«እማማ፣ ሲሪየስሊ፣ ባለፈው ወር ነው የወጣው።»

«እኔ የወጣሁት ከዚያ በፊት ነው» አሉ አማቴ። «በዚህ ዜማ ነው ከአባቴ ቤት የወጣሁት።»

ክርክሩ ሳይቋጭ በሩ አጠገብ ሌላ ክርክር ሰማን። አንድ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ከጥበቃው ጋር ይነጋገራሉ።

«ፋዘር፣ ትኬት ከሌለዎት አይገቡም።»

«ልጄ፣ ልሰማ አይደለም የመጣሁት። ልዘፍን ነው።»

«ዛሬ እንደዚህ ያሉኝ እርስዎ ሦስተኛ ነዎት።»

«ይኸውልህ እዚህ አለሁ።» ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፖስተር አመለከቱ። ጥበቃው ጥላውን አየ፤ ሰውየውን አየ።

«ይሄ ባርኔጣ አለው።»

«የእኔን ንፋሱ ወሰደብኝ። ገደሉ ውስጥ ነው።»

ኦቦ ጉተማ ጀርባዬን ገፉኝ። «ተናገር እንጂ። ጋዜጠኛ ነህ፣ አሰግድ ነው በለው።» ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ጥበቃውም በአክብሮት «ያውቋቸዋል ጋሼ?» አለኝ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «በስልክ ብቻ ነው የማውቃቸው። በአካል አይቻቸው ስለማላውቅ በእርግጠኝነት...»

ሰናይት እግሬን ረገጠችኝ።

«ዝም በል አንተ» አሉ አማቴ። ሰልፉን በእጃቸው ከፍለው ወደ ፊት ሄዱ። ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «አሰግድ ከሆንክ የሙሽራ መሸኛዋን ዝፈናት።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባርኔጣ የሌለውን ራሳቸውን ወደ ግራ ዘመም አደረጉና ጀመሩ። በመጀመሪያው ስንኝ ድምፃቸው ሻከረ፤ በሁለተኛው ተገኘ። ከውስጥ የሚመጣው ሙዚቃና የሳቸው ዜማ ገጠመ። ሰልፉ ላይ ያለች አንዲት ልጅ ስልኳን ዝቅ አድርጋ የሰባተኛ ፎቅን ግጥም በላዩ ላይ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ጓደኛዋ ተቀበለቻት፤ ከዚያ የሰልፉ ግማሽ ተቀበለ። አማቴና የሕንፃችን ሽማግሌዎች የድሮውን ግጥም፣ ልጆቹ የአሁኑን፣ በአንድ ዜማ ያወርዱት ጀመር። ሶስና አፏን ከፍታ አያቷን አየች። ከዚያ እጃቸውን ያዘች።

ጥበቃው በሩን ከፈተ። «ማዘር፣ ይቅርታ፣ እርስዎ ምናቸው ነዎት?» ሲል ጠየቀ።

«ሁለተኛዋ ምንጭ ነኝ» አሉ አማቴና ገቡ።

ከመድረኩ ኋላ ማህሌት ሮጣ መጣች። ኔትወርኩን ዛፎቹ መሀል አግኝታው ነበር፤ ጋሽ ቶላ ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው በሌላው በር ገብተዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች የመድረኩ መሰላል ሥር ተገናኙ።

«ማን ጠራህ?» አሉ ጋሽ አሰግድ።

«አንተ መጣህ ተብሎ ነው የመጣሁት። አንተንስ?»

«አንተ መጣህ ተብሎ።»

ተያዩ። ጋሽ ቶላ ሆዳቸውን ይዘው እስኪያጎነብሱ ሳቁ። የቀሩት የባንዱ ሰዎች የሞቱት ሞተዋል፣ የራቁት ርቀዋል፤ ስለዚህ ሰባተኛ ፎቆች ከመድረክ አልወረዱም። ኪቦርዱን የያዘው ወጣት ጋሽ አሰግድን ጎንበስ ብሎ ጨብጦ «ዜማውን ከአያቴ ካሴት ነው የወሰድነው፤ ባለቤቱ በሕይወት ያለ አልመሰለንም» አላቸው። «እኔም አንዳንድ ጠዋት አይመስለኝም» አሉት። የድራሙን ወንበር የያዘው ልጅ ለጋሽ ቶላ ለቀቀላቸው። መጀመሪያ አንዱን የድራሙን ሰሐን ሁለቴ መቱት፤ ካራ ላይ ቸርኬውን እንደመቱት።

የጨፈሩትን ሁሉ መዘርዘር አልችልም። የፕላስቲኩ ወንበር እንዲቀመጡበት ለአማቴ ተዘርግቶ ነበር፤ የተቀመጡበት ግን ኦቦ ጉተማ ናቸው፣ ምክንያቱም አማቴ ከሶስና ጋር መሀል ላይ ነበሩ። ሶስና የድሮውን ግጥም ከአፋቸው እየቀማች ትዘፍናለች፤ አማቴ የአዲሱን ትከሻ ከእሷ ሰርቀዋል። ዘማሪው ጎረቤታችን ዳር ቆሞ እግሩ መሬቱን ሲደልቅ አየሁትና ጠጋ አልኩት። «ብርዱ ነው» አለኝ። ፀሐይዋ ከሸንተረሩ ጀርባ ስትወርድ የእውነትም በርዶ ስለነበር አላስተባበልኩም።

ስንመለስ አማቴ አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጡት በወንበሩ ነው። የያዙት የኮሚቴው ሰዎች በየፎቁ አርፈዋል። እሑድ ሙሉ ቀን እግራቸውን በሞቀ ውኃ ነክረው ዋሉ። ሰናይት ሁለት ጊዜ «ነገ ትወርድ ይሆን?» ስትለኝ ሁለት ጊዜም አላውቅም አልኳት።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የአማቴ ክፍል በር ክፍት ነበር። አልጋቸው ተነጥፏል። ዘንቢሉ ከነገመዱ በረንዳው ጥግ ተቀምጧል። ወደ ታች አየሁ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ከተሰለፉት ሦስተኛ ናቸው። ሶስናን ጠራኋት። መጥታ አየች። አሁን ሁለት ምንጭ ሆንን።